ቦት ጫማዬን አላወልቅም

ማክሰኞ ማክሰኞ የክብደት ቀናሾች ማኅበራችን በሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ይሰበሰባል። ሚዛን ላይ ከመውጣታቸው በፊት ሁሉም ጫማቸውን፣ ካፖርታቸውን፣ አንዳንዷማ ጉትቻዋን ሳይቀር ያወልቃሉ። እኔ ከነቦት ጫማዬ ወጣሁ።

«ኧረ ግሌኒስ፣ አውልቂው!» አለች መዛኟ ዶሪን። «ጫማው ነው እንጂ አንቺማ ያሰብሽው ኪሎ ላይ ደርሰሻል። አጨብጭበን እናሰናብትሽ!»

«ይበርደኛል፤ ተይኝ!» አልኳት። ምን አጣደፋት?

ቤቴ ገብቼ እንደ ማኅበሩ መመሪያ አንድ እንቁላል ቀቀልኩ፣ አንድ ቁራጭ ዳቦ ጠበስኩ። መመሪያው «ስትበሉ አትቸኩሉ፤ እየተጫወታችሁ ብሉ» ይላል። ከማን ጋር? ባሌ ሲረል ከሞተ ወዲህ ስሜን ጠርቶ የሚቆጣኝ እንኳ የማክሰኞ ሰው ብቻ ነው።

እንቁላሉን ጨረስኩና ብስኩቱን ከፈትኩ። ለመጪው ማክሰኞ ጫማው ብቻውን አይበቃኝም ብዬ ፈራሁ።