ሁለት ግራ እጅጌ

ሰፈሩ ልብስ ሰፊውን በስሙ መጥራት ከተወ ቆይቷል። «ዜና» ነው የሚሉት። ሱሪ ሊያሳጥር የገባ ሰው ስለ አንድ ጦርነት፣ ስለ ሁለት የመሬት መንቀጥቀጥና ገና ስም ስላልወጣለት በሽታ ሰምቶ፣ ሱሪውም ቀኑም አጥሮበት ይወጣል። ደንበኛው እየሳሳ መሄዱን ሚስቱ አይታለች፤ እሱ ግን ይህችን አንዲት ዜና አልሰማም።

እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ሰውዬው ወሬ ወዳድ ሆኖ አይደለም፤ ፈርቶ ነው። ባለፈው ክረምት ከሱቁ ጀርባ ያለው ወንዝ ሞልቶ ሲመጣ ማስጠንቀቂያው በሬዲዮ ሁለት ጊዜ ተነግሮ ነበር አሉ። እሱ የስፌት መኪናው ላይ አቀርቅሮ ሲሰፋ አልሰማም። የአስራ አንድ ሰው ልብስ ጭቃ በላው። ከዚያ ወዲህ «ሁለተኛ ሳላውቅ አይደርስብኝም» ብሎ ማለና ስልኩን የክር ሳጥኑ ላይ አስደግፎ ከጠዋት እስከ ማታ ያስለፈልፈው ጀመር። ስልኩ የሚያወራው ባሕር ማዶ ስላለ ጎርፍ ቢሆንም ለእሱ ልዩነት አልነበረውም። በየትም አገር ውሃ በሞላ ቁጥር እግሩ የረጠበ ይመስለው ነበር።

ሰኞ ጠዋት የአማቱን ጨርቅ ዘረጋ። አማቱ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ይህን ግራጫ ሱፍ ሃያ ዓመት ሳጥን ውስጥ አስቀምጠው የመጨረሻ ልጃቸው እስክትዳር ሲጠብቁ ኖረዋል፤ ሰርጉ ቅዳሜ ነው። ጨርቁ ለአንድ ኮት ልክክ ያለ ነው፤ መሐረብ የምታህል ቁራጭ እንኳ አይተርፈውም። ደግሞ ሌላ ነገርም አለ። የዛሬ አስራ አምስት ዓመት ትልቋን ልጃቸውን ሲያገባ ሽማግሌው «መርፌ ቤት ያቆማል እንዴ?» ብለው ነበር። እሳቸው ረስተውት ይሆናል። እሱ አልረሳም። ይህ ኮት መልሱ ነበር።

ጨርቁ ስላነሰ አጥፎ ሁለቱን እጅጌ ባንዴ መቁረጥ አልቻለም፤ ነጠላ አድርጎ አንጥፎ አንድ በአንድ መቁረጥ ነበረበት። እንዲህ ሲሆን የወረቀቱን ልክ ለሁለተኛው እጅጌ ይገለብጡታል፤ ይህን የሙያው ሀሁ ጀማሪ እንኳ አይስተውም። እሱ የመጀመሪያውን እጅጌ ቆርጦ ሲያነሳ ስልኩ ስለ ሰመጠች መርከብ ይናገር ነበር። አንገቱን ወደ ስልኩ፣ እጁን ወደ ጨርቁ ሰደደ። መቀሱም እንደተነዳው ሄደ።

ማክሰኞ ሊገጣጥም ሲል ነው ነገሩ የገባው። አንዱን እጅጌ አነሳ፣ ሌላውን አነሳ፣ ጎን ለጎን ዘረጋቸው። ሁለቱም ግራ ናቸው።

«አለቀልን» አለ።

ሚስቱ ጥግ ካለው ወንበር ላይ የቁልፍ ቀዳዳ እየጠለፈች ነበር። «ምኑ ነው ያለቀው? ዓለም ነው ወይስ ክር?»

«ያባትሽ ኮት።»

ተነስታ መጣች፤ አየች። ስልኩ ግን አላፈረም፣ ስለ ሌላ ጥፋት ይለፈልፋል። አነሳችና ጥርቅም አድርጋ ዘጋችው፤ ቁልፍ የሚጠራቀምበት ቆርቆሮ ውስጥ ከተተችው፤ ክዳኑን ገጥማ ይዛው ተቀመጠች።

«ምን እያደረግሽ ነው? አንድ ነገር ቢመጣስ?»

«ወንዙ ሲሞላ የድልድዩ ዘበኛ ጡሩምባ ይነፋል። ያኔም ነፍቶ ነበር። ስትሰፋ አትሰማም፣ ስልክ ስትሰማ ደግሞ አትሰፋም፤ ሁለቱ ላንተ አይሆኑም። ስለዚህ ጆሮው እኔ ልሁን። በቀን አንዴ፣ ስድስት ሰዓት ላይ፣ ዜና እሰማለሁ። እኛን የሚነካ ካለ እነግርሃለሁ። የማይነካንን ደግሞ አዝንለታለሁ። አንተ ብቻ መቀስ ይዘህ አትዘን።»

«ሰው እያለቀ ዝም ልበል?»

«አንተ ስላፈጠጥክበት የዳነ ሰው አለ? አንድ ጥራልኝ።»

ቢቸግረው መስፊያው ፊት ተቀምጦ የሌላ ሰው ሱሪ መስፋት ጀመረ። እጁ ልማድ ሆኖበት ወደ ክር ሳጥኑ ይሄድና ባዶውን ይመለሳል። እንዲህ እንዲህ ሲል ከሰዓት በኋላ ሆነ። ዝምታው መጀመሪያ አስፈራው፤ ቆይቶ ግን ከዝምታው ውስጥ ሲጥ ሲጥ የሚል ድምፅ ሰማ።

«ይሄ መኪና መጮህ የጀመረው መቼ ነው?»

«ወራት አልፎታል» አለች ሚስቱ ቀና ሳትል።

አፈረ። እንጀራ የሚያበላው መኪና ዘይት ሲለምነው ሰንብቶ እሱ የመርከብ ወሬ ሲሰማ ከርሟል። ዘይት ጠብ ጠብ አደረገለት፣ ጠረገው፣ እጁን ታጠበ፣ አደረቀ። ከዚያ ከተበላሹት እጅጌዎች አንዱን አነሳና ዓይኑን ጨፍኖ በሁለት ጣቶቹ መሐል አሸት አሸት አደረገው። ልብስ ሰፊ ጨርቅ የሚያውቀው በጣቱ ነው። ፊቱን ዳበሰ፤ ጀርባውን ዳበሰ። እንደገና ፊቱን።

አንድ ነው! ሽመናው ፊትና ጀርባ የለውም። ግራው እጅጌ ከተገለበጠ ቀኝ ይሆናል።

ልጅ ሳለ ሙያውን ያስተማረው ሰውዬ ያልነተበው ጎን ወደ ውጭ እንዲዞር ቀኑን ሙሉ ያስገለብጠው የነበረው ያረጀ ኮት እኮ ነው! ይህን መላ ሠላሳ ዓመት ሲያውቀው ኖሯል። ጭንቅላቱ ውስጥ ግን የሰው አገር መከራ ሞልቶ ለራሱ መላ መቀመጫ ጠፍቶ ነበር። ሳቀ፤ ሲስቅ እንባው መጣ። ሚስቱ ጠልፋ እስክትጨርስ ጠበቀችው፤ ከዚያ «ተመስገን» ብላ ክሩን በጥርሷ ቆረጠች።

ሐሙስ ሽማግሌው ለልክ መጡ። ደጃፉ ላይ ቆም ብለው ወደ ክር ሳጥኑ አሻግረው አዩ።

«ዛሬ ማን ሞተ?»

«እኔ እንጃ አባባ፤ አልሰማሁም።»

«ኧረ?» ገቡና ወንበር ሳቡ። «ባለፈው ከዚህ ወጥቼ ሁለት ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ለልጄ መዳር ልደሰት ስል ያ የነገርከኝ በሽታ ፊቴ ድቅን ይልብኛል።»

ልብስ ሰፊው ኮቱን አለበሳቸው። ከዚያ መደበቅ አቃተው፤ አደራ ነውና ሁሉንም ተናገረ። ስለ ስልኩ፣ ስለ ወረቀቱ፣ ስለ ሁለቱ ግራ። «የቀኙ እጅጌ ግልባጭ ነው አባባ። የጨርቁ ውጭ በመቀመጥ ብዛት ትንሽ ወይቧል፤ የዚህ እጅጌ ፊት ግን ውስጥ ሆኖ ስለቆየ አዲስ ነው። ያስታውቃል። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

ሽማግሌው ወደ መስኮቱ ሄዱ። ቀኝ ክንዳቸውን ወደ ብርሃኑ ዘረጉ፤ አገላብጠው አዩት። ግራውንም ዘርግተው አስተያዩት። ሚስቱ መርፌዋን አቆመች።

«ሠላሳ ስምንት ዓመት በዚህ እጄ ሰሌዳ ላይ ጻፍኩ» አሉ። «የለበስኩት ኮት ሁሉ ቀድሞ የሚያልቀው በቀኝ ነበር። ጠመኔ ይበላዋል፤ ግራው ግን እንደ ባለሥልጣን ኪስ ገብቶ ይቀመጣል። ቀኙ ከግራው አዲስ ሆኖ ስለብስ ይሄ የመጀመሪያዬ ነው።» ክንዳቸውን እንደገና አዩት። «እንዳትነካብኝ፣ ልጄ።»

ልጄ! አስራ አምስት ዓመት «ልብስ ሰፊው» ሲሉት ኖረዋል። ሰውዬው መርፌ የሚፈልግ መስሎ ወደ ጠረጴዛው ጎንበስ አለ።

ሽማግሌው ሲወጡ፣ ቤቱ ያስለመዳቸው ነገር ሆኖ፣ በሩ ላይ ዞር አሉ። «ለመሆኑ ዓለም እንዴት ዋለች?»

ልብስ ሰፊው ሚስቱን አያት።

«አዝኜላታለሁ» አለች። «አንተ ኮቱን ጨርስ።»