ለቅሶ ቤት የተፈረመ ወረቀት

ኣምለሰት ክው ብላ ቀረች። ሰማያዊው ፋይል እጇ ላይ የለም። ቦርሳዋን ገለበጠችው፤ የለም። የመጣችበት የራይድ ታክሲ ቦሌ መንገድ ላይ፣ ፓርቲያቸው ሁለት ክፍል ከተከራየበት ፎቅ በር ላይ አውርዷት ከሄደ ሁለት ደቂቃ አልሞላም። ፋይሉ የኋላ ወንበር ላይ ቀርቷል።

ፋይሉ ውስጥ ያለው የመቶ አርባ ሁለት ሰው ስም፣ የመታወቂያ ቁጥር፣ የቤት ቁጥር፣ ስልክ፣ ፊርማና የፈረሙበት ቀን ነው። አዲስ ፓርቲ ምርጫ ውስጥ ልግባ ካለ የተባለውን ያህል ሰው አስፈርሞ ማቅረብ አለበት። የእነ ኣምለሰት ፓርቲ ደግሞ ገና ለጋ ነው፤ ስሙን የራሱ አባላት እንኳ አንዳንዴ ይሳሳቱታል። ቀነ ገደቡ ዛሬ አሥራ አንድ ሰዓት ነው፤ ቁጥሩ ልክ የሚሞላውም በእሷ ወረቀት ነው። ከዚያ ላይ አንድ ስም ቢጎድል የአንድ ዓመት ልፋት ውኃ በላው ማለት ነው።

እውነቱን ለመናገር ግን ያን ጊዜ ፓርቲው ትዝም አላላት። የታዩዋት የሰሚት ኮንዶሚኒየም ጎረቤቶቿ ናቸው። አብዛኞቹ እንደ እሷ የትግራይ ሰዎች ናቸው። በጦርነቱ ጊዜ ስም የተጻፈበት ወረቀት ይዘው በር ያንኳኩትን ሰዎች አልረሱም። ወንድሟ ምሩጽ እንደዚያ ካለ ወረቀት ላይ ስሙ ተጠርቶ ስምንት ወር ታስሯል። አሁን ደግሞ እሷ ራሷ፣ ለዚያውም በሚያምር የእጅ ጽሑፍ፣ የጎረቤቶቿን ስም ደርድራ የማታውቀው ሰው መኪና ውስጥ ጥላ ወረደች። ምን ይሉታል ይሄን!

ሾፌሩ ጋ ደወለች፤ ዝግ ነው። ደግማ ደወለች፤ አሁንም ዝግ። የፓርቲው ሊቀመንበር ዘርአጽዮን ደረጃውን ወርዶ መጣና «ምነው ኣምለሰት፣ ፊትሽ አመድ መሰለ?» አላት። ነገረችው። ክፋት የሌለበት ሰው ነው ዘርአጽዮን፤ ግን መጀመሪያ ያየው ሰዓቱን ነበር።

ከአንድ ሰዓት በኋላ ስልኳ ጠራ።

«ፋይልሽ እኔ ጋ ነው። ባትሪዬ ዘግቶ ነው ያልሰማሁሽ» አላት ሾፌሩ። «መገናኛ ነይ። ብቻሽን ነይ፣ የማነጋግርሽ ነገር አለ።»

ብቻሽን የምትለዋ ቃል ከጆሮዋ አልወጣ አለች። ሰው የተረሳ ዕቃ ሲመልስ ምን የሚነጋገረው አለ? ሚኒባስ ውስጥ ከጎኗ የተቀመጠውን ሰውዬ ሦስት ጊዜ ሰርቃ አየችው። ሰውዬው ምስኪን፣ እንቅልፉን ይለጥጣል።

ሾፌሩ መኪናውን ከታክሲ ተራው ራቅ አድርጎ አቁሟል። በእሷ ዕድሜ ያለ ሰው ነው፤ ገብረትንሣኤ እባላለሁ አላት። ፋይሉን ጭኑ ላይ ዘርግቶታል። ግቢ ሲላት ገባች፣ በሩን ግን አልዘጋችውም።

«አንብቤዋለሁ፣ ይቅርታ። የማን እንደሆነ ልወቅ ብዬ ነው» አለ። «አራተኛው ገጽ ላይ አክስቴን አገኘኋት። የሻሽወርቅን።»

«እማማ የሻሽወርቅ? እሳቸውማ ፈቅደው ነው የፈረሙት። አላስገደድኳቸውም።»

«አላስገደድሻትም። ግን የት ነው የፈረመችው? ከፊርማዋ ጎን ያለው ቀን ለቅሶ ቤት የዋለችበት ቀን ነው።»

የምሩጽ ለቅሶ ነበር። ከሁለት ወር በፊት ምሩጽ ሞተ፤ ከእስር ከወጣ ወዲህ ጤና አልነበረውም። ሰፈሩ በሙሉ ድንኳን ውስጥ አብሯት ተቀመጠ፣ አብሯት አለቀሰ። እሷ ደግሞ ወረቀቱን ከነጠላዋ ሥር እያወጣች፣ ሊያጽናናት ለመጣው ሁሉ «ለምሩጽ ብላችሁ» እያለች ዘረጋችው። አንድ ሰው ሳይቀር ፈረመ። ያኔ ሰዉ ፓርቲውን የወደደው መስሏት ኮርታ ነበር።

«ለቅሶ ቤት ሐዘንተኛን እምቢ የሚል ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ?» አለ ገብረትንሣኤ፣ ድምፁን ሳያነሳ። «አክስቴ ከዚያ ወዲህ በር ሲንኳኳ መኝታ ቤት ገብታ ትደበቃለች። ምን ሆንሽ ስላት አትነግረኝም። ዛሬ ገባኝ። ስሟን ሰርዢልኝ እህቴ፣ ሌላ ምንም አልፈልግም።»

«ሌሎቹስ?»

«እኔ ምን አውቄ። አንቺ ጠይቂያቸው።»

ፈራች። ከሾፌሩ ስልክ በፊት ከፈራችው በላይ ፈራች። ቢሆንም ፋይሉን ተቀብላ የመጀመሪያውን ገጽ ገለጠች። አንደኛ ላይ ያሉት ጋሽ ኃይለኪሮስ ናቸው፤ ጡረታ የወጡ መምህር፣ ከፈጣሪ በቀር ማንንም አልፈራም ባይ፣ ድንኳኑ ውስጥ እስክሪብቶ ከእጇ ነጥቀው የፈረሙ። ሆን ብላ መጀመሪያ ለእሳቸው ደወለች፤ እሳቸው ስሜን ለምን ትሰርዣለሽ ብለው ቢቆጧት ልቧ ይመለሳል።

«ጋሼ፣ ያ የፈረሙት ወረቀት ዛሬ ሊገባ ነው» አለች። «ምናልባት ካልፈለጉ ስምዎን ልሰርዝልዎ እችላለሁ።»

 ከወንበር ሲነሱና በር ሲዘጉ ተሰማት። ከዚያ ድምፃቸውን በጣም ዝቅ አድርገው፣ «ይቻላል እንዴ፣ ልጄ?» አሏት።

«ይቻላል፣ ጋሼ።»

«እግዜር ይስጥሽ» አሉና ማልቀስ ጀመሩ።

ዘርአጽዮን እየደወለ ነበር፤ አሥር ሰዓት ከሩብ ሆኗል። አላነሳችለትም። ከገብረትንሣኤ እስክሪብቶ ተቀብላ አንደኛውን ስም ሰረዘችና የሁለተኛውን ስልክ መደወል ጀመረች።