ግድግዳው እንዳያሳፍረን

ትርሲት የቡሬ የቅርስ ባለሙያ ነች። ፍኖተ ሰላም ላይ በአንድ ሆቴል አዳራሽ የማይንቀሳቀሱ ቅርሶች ጥበቃ ስልጠና ሲሰጥ ሳምንቱን ቁጭ ብላ ሰነበተች። የሩቅ አገር ግንብ በፕሮጀክተር አየች፤ ስለ ባለድርሻ አካላት በቡድን ተወያየች፤ ከምሳ በኋላ እንቅልፍ እንዲለቃት እያጨበጨበች ዘለለች። ግድግዳ ግን አልነካችም።

በመጨረሻ አሰልጣኟን ዶክተር ህይወትን፣ “ከቡሬ ወጣ ብሎ የቆየ የጭቃ ቤተ ክርስቲያን አለ። ግድግዳው ተሰነጣጥቋል። ሄደን ብናየውስ?” አለቻቸው።

ዶክተሯ ደስ አላቸው። የስልጠናው አስተባባሪ አቶ አስናቀው፣ “መርሐ ግብሩ ላይ የለም” ብለው ቢያንገራግሩም ፈቀዱ። ወዲያው ግን ለቤተ ክርስቲያኑ ቄሰ ገበዝ ለአባ ገብረሰንበት ደወሉ።

“አባ፣ ነገ ትልልቅ እንግዶች ይመጣሉ። አደራ፣ ግድግዳው እንዳያሳፍረን!”

በማግስቱ ሰልጣኞቹ ከመኪና ሲወርዱ ስንጥቅ የሚባል አጡ። ግድግዳው ከላይ እስከ ታች በሲሚንቶ ተለስኗል፤ ገና እርጥብ ነው።

“ለአጥሩ ያስቀመጥነውን ሲሚንቶ አዋልነው። ምእመኑ እንዳለ ወጥቶ ሲለስን ነው ያመሸው” አሉ ቄሰ ገበዙ በኩራት።

አቶ አስናቀው አጨበጨቡ። ዶክተር ህይወት ግን ፊታቸው አመድ መሰለ።

“ሲሚንቶ ጭቃውን ያፍነዋል” አሏት ትርሲትን ቀስ ብለው። “የገባው ውሃ መውጫ ያጣና ግድግዳው ከውስጥ ይበሰብሳል። ሳይደርቅ መነሳት አለበት።”

ይህን ለቄሰ ገበዙ የመንገሩ ዕዳ በትርሲት ላይ ወደቀ። ቀረብ ብላ ነገረቻቸው። እሳቸውም ግድግዳውን አዩ፤ አቶ አስናቀውን አዩ፤ ከዚያም እጃቸውን ኪሳቸው ከተው የቆሙትን ሰልጣኞች አዩ።

“እንዴው ልጄ፣ የማይንቀሳቀስ የምትሉት ቅርሱን ነው ባለሙያውን?”

ትርሲት አፈረች። ጃኬቷን አውልቃ ቢላዋ ለመነችና ጭቃው እንዳይጎዳ እየተጠነቀቀች ሲሚንቶውን መፋቅ ጀመረች። ዶክተሯ ተከተሏት። ቀስ በቀስ ሰልጣኞቹም ሸሚዛቸውን ሰብስበው ገቡ። ምእመናኑ፣ “ትናንት ለስኑ፣ ዛሬ ፋቁ! እናንተስ ምን ዓይነት ሰዎች ናችሁ?” እያሉ፣ እያጉረመረሙም እየሳቁም አገዟቸው።

አንድ መንገደኛ ፎቶ አንስቷቸው ኖሮ ሲመሽ ፎቶው ፌስቡክ ላይ ወጣ፦ “የመንግሥት ሠራተኞች ቤተ ክርስቲያን ሲያፈርሱ!” አቶ አስናቀው ለትርሲት ደወሉ።

“እኔ በቦታው አልነበርኩም፣ እሺ?”

“ሲያጨበጭቡ አይቼዎት ነበር እኮ።”

ስልኩ ተዘጋ።

በነጋታው ቁጣ ያንገበገበው ሕዝብ ትርሲት ቢሮ ደጃፍ ተሰበሰበ። ፈርታ በሩን ልትቆልፍ ስትል ቄሰ ገበዙ ከሕዝቡ መሀል ወጡ።

“ያበላሸነው እኛ ነን። እነሱማ እጃቸው እስኪላጥ አዳኑልን” አሉ። ሕዝቡ ተበተነ፤ እንዲያውም አንዳንዱ ሊያመሰግናት ጎራ አለ።

ምስጋናው ከበላይም መጣ። ይኼኔ አቶ አስናቀው በቦታው እንደነበሩ ትዝ አላቸው፤ ሐሳቡንም ያመነጩት እሳቸው ሆነው ተገኙ። ብዙም ሳይቆዩ ተሾሙ።

በሰሜን በኩል ያለው ሲሚንቶ ግን ቀድሞ ጠንክሮ ነበርና ጭቃውን ይዞ እንዳይወርድ ተብሎ ተተወ። ክረምት ሲገባ ሌላው ወገን ደህና ሲሆን ያ ወገን ላብ ላብ ይለው ጀመር። ትርሲት ውሃው ከሥሩ እንዲርቅ ከምእመናኑ ጋር ቦይ እየቆፈረች ሳለ አቶ አስናቀው አዲስ እንግዶች ይዘው መጡ። ፎቶ እንዲነሱም በሰሜን በኩል አቆሟቸው።

“በዚህ በኩል ነው የሚያምረው” አሉ።