ስልሳ ሦስት ጊዜ የተተኮሰው በሬ

እቴቴ ደብሪቱ ቆዳ አይታ ተሳስታ አታውቅም። ይህን የምትለው ራሷ ናት፤ ደባርቅ ገበያ ላይ ደፍሮ የሚከራከራት ስላልተገኘ ግን እውነት ሆኖ ቀረ። ከበየዳ የሚወርደውን የበሬና የበግ ቆዳ እየገዛች ጎንደር ትልካለች። አንድን ቆዳ ከሩቅ አይታ በሬው በስንት ዓመቱ እንደታረደ፣ የአራጁ ቢላዋ ምን ያህል እንደደነዘ፣ አንዳንዴም አራጁ ራሱ ምን ያህል እንደጠጣ ትናገራለች። ችግሩ ሰውንም እንደ ቆዳ የምታይ መሆኗ ነው። እናቴ ከሞተች ጀምሮ ያሳደገችኝ እሷ ስለሆነች፣ የእኔ የትዳር ጉዳይም በዚሁ ዓይን ሥር ወደቀ።

ጊዜው ስልሳ ስምንት ዓ.ም. ነው። እኔ ደባርቅ ሦስተኛ ክፍል አስተምራለሁ፤ ደምለው ከዳባት ጎንደር እህል የሚያመላልስ የጭነት መኪና ይነዳል፤ እንዋደዳለን። ይህን የማያውቅ የደባርቅ ውሻ እንኳ አልነበረም። ሀብተ ሚካኤል የሚባል የአምባ ጊዮርጊስ እህል ነጋዴ ደግሞ ሁለት ጊዜ ሽማግሌ ልኮብኛል። ደግ ሰው ነው፤ የሚያወራው ግን ስለ ገብስ ብቻ ነው። እቴቴ በዚያ ሳምንት ነገሩን ቆረጠችው።

«ቅዳሜ ከገበያ በኋላ ሹፌርሽን አምጪልኝ። አየዋለሁ። ካልጣመኝ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ለሀብተ ሚካኤል ሽማግሌዎች እሺ እላለሁ።»

ሳምንቱን ሙሉ ልቤ በቦታው አልነበረም። ማባዛት ሳስተምር ሰባት ጊዜ ስምንት ሃምሳ አራት ነው ብዬ ሰሌዳው ላይ ጻፍኩ፤ ልጆቹም አምነው ገለበጡ።

ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ግድም የደምለው መኪና ደጃችን ቆመች። ረጅም ካፖርት ለብሶ ገባ። ቀኝ እጁ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ይዟል፤ ግራ እጁ ሆዱ ላይ ተለጥፏል። ጥቅሉን በብብቱ ሸጎጠና እቴቴን በአንድ እጁ ጨበጣት። በአንድ እጁ! መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። እቴቴ ቅንድቧን አነሳች።

ተቀመጠና ጋዜጣውን ፈታው። ቦርሳ ነው። ቡናማ፣ ከላይ እስከ ታች እርስ በርስ የተቆላለፉ ሁለት የፈረንጅ ፊደሎች የሞሉበት፣ ዘለበቱ የሚያብረቀርቅ የሴት ቦርሳ። እንዲህ ያለ ነገር በሕይወቴ አይቼ አላውቅም። እልል ልል ምንም አልቀረኝም።

«ለአምሳል ነው፣ እትዬ» አለ። «ጎንደር አንዲት ጣሊያናዊት ጓዟን ሸጣ ወደ አገሯ ስትሄድ ገዛሁት። ሮም ላይ ትልልቅ ሰዎች የሚይዙት ነው።»

«በስንት?»

«በመቶ ሃምሳ ብር።»

«በአንድ በሬ!» አለች እቴቴ፤ እጆቿንም ነጠላዋ ውስጥ ሸሸገች። ቃል ሳይሰጥ የመጣ ስጦታ በእጅ ከተነካ እንደ እሺታ ይቆጠራል፤ እሷ ደግሞ እንዲህ በቀላሉ የምትያዝ ሴት አይደለችም። አንገቷን ብቻ አስግጋ በዓይኗ መረመረችው። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ እየቆጠረች ነበር።

«ስልሳ ሦስት» አለች በመጨረሻ።

«ምኑ፣ እትዬ?»

«ምልክቱ ነዋ! ይህ በሬ ስልሳ ሦስት ጊዜ በጋለ ብረት ተተኩሷል። እኔ አንዴ የተተኮሰ ቆዳ የምገዛው በግማሽ ዋጋ ነው። ሁለት ምልክት ካየሁበትማ ሌባ ነክቶታል ብዬ እተወዋለሁ። ስልሳ ሦስት ባለቤት! ይህ በሬ የት የት ነው ሲዞር የኖረው?»

«ምልክቱ እኮ የሠሪው ስም ነው። ውድ ያደረገውም እሱ ነው፤ ሰው የሚገዛው ለስሙ ነው።»

«ታዲያ አንድ ጊዜ ቢነግረኝ አይገባኝም?»

ሳቄን በሻይ ልውጠው ስል በአፍንጫዬ ወጣ። ደምለው በልመና ዓይን አየኝ። እቴቴ ግን ቀጠለች፤ ይህን አንግቼ ብወጣ የቀበሌው ሊቀመንበር አድኃሪ ብሎ እንደሚያስጠራኝ፣ እንዲህ ያለ ቆዳ የሚገዛ ሰው ነገ ደግሞ እግሯ የተሰበረ በቅሎ እየጎተተ እንደሚመጣ ዘረዘረች። ስለ ገብስ እየሰማሁ የማረጅበት ዘመን ታየኝ። ሳቅና ለቅሶ አንድ ላይ መጡብኝ።

በዚህ መሃል አያ ሰጠኝ ገቡ። ኮርቻ ሰፊ ናቸው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ከእቴቴ ክምር ቆዳ ሊመርጡ ይመጣሉ። እኔ ብድግ አልኩ፤ እቴቴም ብድግ አለች። ደምለው ግን ግማሽ ተነሳና፣ አንድ ነገር ትዝ ያለው ይመስል፣ ተመልሶ ቁጭ አለ።

ለሽማግሌ አለመነሳት! የእቴቴ ፊት በርበሬ መሰለ።

«በቃ፣ አየሁት» አለችኝ በሹክሹክታ። የእሷ ሹክሹክታ ዳባት ድረስ ይሰማል።

አያ ሰጠኝ ቦርሳውን አነሱት። ስጦታው እሳቸውን ስለማይመለከት እንደልባቸው መንካት ይችላሉ።

«እስቲ እርስዎ ይፍረዱ» አለቻቸው እቴቴ። «ስልሳ ሦስት ጊዜ የተተኮሰ በሬ መቶ ሃምሳ ብር ያወጣል?»

ወደ በሩ ብርሃን ተጠጉ። አሸተቱት። በጥፍራቸው ጫሩት። ጣታቸውን በምራቅ ነክተው አሹት፤ ገለበጡት፤ የውስጡን ስፌት ተከትለው ሄዱ። ከዚያ ፈገግ አሉ።

«በሬው አልተተኮሰም፣ ደብሪቱ» አሉ። «በሬም የለም። ይህ ቀለም የጠጣ ሸራ ነው። ቆዳው ጠርዙ ላይ ያለችው፣ ጣት የምታህለዋ ብቻ ናት።»

ቆዳ አይታ የማትሳሳተው ሴት ለአንድ ቁራጭ ሸራ ስልሳ ሦስት ባለቤት አውጥታለታለች!

«እኔ ከሩቅ ነው ያየሁት» አለች። ድምፅዋ ቀጥኖ ስሰማ ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነው።

«ስፌቱ ግን ጉድ ነው። እኔም እንዲህ አልሰፋም። ለእጁ ሥራ ሠላሳ ብር እሰጠዋለሁ፤ የቀረው ለፊደሉ የተከፈለ ነው። ማንገቻው ደግሞ…» አንዱን ጫፍ በእግራቸው ረግጠው ሌላውን ጎተቱ። «ይህስ ቆዳ ነው! ያገራችን በሬ፣ ደህና ተደርጎ የለፋ። የሰፋውም ሌላ ሰው ነው። ስፌቱ ጠማማ ነው፤ ነገር ግን ክሩን ሰም አስልሶ፣ በሁለት መርፌ፣ እንደ ኮርቻ ነው የሰፋው። አንዱ ክር ቢበጠስ ሌላው ይይዛል። ቦርሳው ያልቃል፤ ይህ አያልቅም።»

ከዚያ ትንሿን ጣታቸውን ማንገቻው ላይ ወዳለ ቀዳዳ ከተቱ። አምስት ቀዳዳዎች በተርታ ነበሩ፤ ሦስተኛው ከሌሎቹ ሰፍቷል።

«ይህን ያሰፋው ሆድ ነው» አሉ። «ቦርሳ ደግሞ አይተነፍስም።»

ሦስታችንም ቀስ ብለን ወደ ደምለው ዞርን። እሱ መሬት መሬት ያያል።

«የራሱ ማንገቻ ተበጥሶ ነበር» አለ። «እንደተበጠሰ ልሰጣት አላስቻለኝም። የነበረኝ ቆዳ ደግሞ ቀበቶዬ ብቻ ነው። ሱሪዬን በሲባጎ አስሬው ነበር፤ አሁን እዚህ ደጅ ከመኪናው ዘልዬ ስወርድ በጠሰው።»

«ተነስ እስቲ» አለች እቴቴ።

«ይቅርብኝ፣ እትዬ።»

«ተነስ አልኩህ!»

ተነሳ። ተነስቶ ከአያ ሰጠኝ ጋር ፊት ለፊት ሲገጥም አስተዳደጉ አሸነፈውና፣ ቅድም የቀረችበትን ሰላምታ ጎንበስ ብሎ በሁለት እጁ አቀረበ። ሱሪው ጫማው ላይ ወርዶ ተከመረ። ካፖርቱ ባይረዝም ኖሮ ጉዳችን ነበር።

እቴቴ ሳቀች። ምሰሶውን ይዛ ሳቀች፤ ነጠላዋ ወደቀ፤ ቆዳው ክምር ላይ ተዘርፍጣ ሳቀች። አያ ሰጠኝ ሳል ያዛቸው። እኔ እንባዬ እየወረደ «ያዙለት! ያዙለት!» እላለሁ፤ የሚይዝለት የለም። እንደዚያች ደቂቃ ሰው ወድጄ አላውቅም።

እቴቴ ዓይኗን ጠርጋ ተነሳች። ለራሷ ብላ ግድግዳው ላይ የሰቀለችውን፣ አንዲት ጭረት የሌለባትን የወይፈን ቆዳ አወረደች።

«ከዚህ ለልጁ ቀበቶ ይቁረጡለት» አለች።

አያ ሰጠኝ ቦርሳውን መደቡ ላይ አስቀምጠው የደምለውን ወገብ በገመድ ለኩ። «ስንት ቀዳዳ ልብሳለት?»

እቴቴ አንዴ እሱን፣ አንዴ እኔን አየች። ከዚያ እጇን ከነጠላዋ አውጥታ ቦርሳውን አነሳችው።

«ወደ ውስጥ በኩል አራት ይጨምሩለት» አለች፣ ማንገቻውን ትከሻዬ ላይ እያስተካከለች። «አምሳል ወጥ መሥራት አታውቅም፤ ይከሳል።»