የቀትር ጥላ በጊንሃይምና በኮልፌ

ራውዳ ጀርመን አገር፣ ጊንሃይም በሚባል ሰፈር ትኖራለች፤ ሦስተኛ ክፍል ናት። ሰኞ ዕለት በሳይንስ ክፍለ ጊዜ ስለ ፀሐይና ስለ ጥላ ሲማሩ እጇን አወጣችና፣ "አያቴ ባደጉበት አገር ቀትር ላይ ጥላ ይጠፋል" አለች።

ፊን የሚባል ልጅ ወዲያው፣ "አያትሽ ጥላ የሌላቸው ቫምፓየር ናቸው እንዴ?" ብሎ ክፍሉን አሳቀው።

መምህርቷ አልሳቁም። "ማስረጃ ይፈልጋል። በሚቀጥለው ሰኞ አሳዪን" አሏት።

አያቷ አቶ ያሲን ይህን ሲሰሙ አልተጨነቁም። በልጅነታቸው አዲስ አበባ፣ ኮልፌ፣ በመስጊዱ ግቢ የተተከለውን እንጨት እየጠበቁ ለዙህር፣ ለቀትሩ ሶላት፣ ሰዓት የሚነግሩት እሳቸው ነበሩ። ጥላው እያጠረ ይመጣል፤ ማጠሩን ትቶ መርዘም ሲጀምር ወደ ሼሁ ይሮጣሉ።

"በዓይኔ ያየሁት ነው" አሏት። "ቅዳሜ አብረን እናያለን።"

ቅዳሜ ሰማዩ ጥርት ብሎ ዋለ። ከሕንፃው ጀርባ፣ ልብስ የሚሰጣበት ሲሚንቶ ላይ የመጥረጊያ እንጨት አቆሙ። ራውዳ በየሩብ ሰዓቱ የጥላውን ጫፍ በጠመኔ ምልክት ታደርጋለች። በጀርመን አቆጣጠር የቀኑ አሥራ ሁለት ሰዓት ሆነ፤ ጥላው አልጠፋም። አንድ ሰዓትም አለፈ።

"እዚህ አገር ቀትርም እንደ ባቡር ይዘገያል" አሉ አቶ ያሲን።

አንድ ሰዓት ተኩል አልፎ ራውዳ ጎንበስ ብላ አዲሱን ምልክት ከፊተኛው ጋር አስተያየች። "አባባ፣ አሁን እኮ መርዘም ጀመረ።"

አቶ ያሲን ተንበርክከው አዩ። ጥላው በጣም ባጠረበት ሰዓት እንኳ የእንጨቱን ግማሽ ያህል ነበር።

"እንጨቱ ጋደል ብሎ ይሆናል።"

ራውዳ ቁልፏን በክር አንጠልጥላ ከእንጨቱ ጎን ያዘችው። ክሩና እንጨቱ እኩል ወረዱ። "ጋደል አላለም" አለች። ከዚያ ቀና ሳትል፣ "ሰኞ ምን ልበል? አንቱን አምኜ ነው እኮ የተናገርኩት" አለች።

እስከዚያ ቀን ድረስ አያቷ የነገሯትን ነገር ለክታ አታውቅም ነበር።

በማግሥቱ ኮልፌ የአባታቸው ቤት ለሚኖሩት ታላቅ እህታቸው በቪዲዮ ደወሉ። እህታቸው ኡምሰልማ ነገሩን ሰምተው ሲጨርሱ፣ "ደህና ነሽ ወይ ሳትለኝ ጥላ ትጠይቀኛለህ? እርጅና ነው ወይስ ጀርመን?" አሉ።

"እትዬ፣ እባክሽ እንጨት አቁሚልን። ልጅቷ ጭንቅ ላይ ናት።"

ኡምሰልማ እያጉረመረሙ ግቢያቸው ውስጥ እንጨት አቆሙ። ወሩ ሰኔ ነበርና ደመናው አላስቸገረም ማለት አይቻልም። ስልኩን ወደ መሬት ደግነው ቆዩ። ቀትር ሊሆን ሲል ፀሐይ ለጥቂት ደቂቃ ወጣች፤ ጥላውም ታየ። አጭር ነው፣ ከስንዝር ብዙም አይበልጥም። ግን አልጠፋም።

ራውዳ ቅር አላት። ሆኖም ስልኩን ወደ ፊቷ አስጠግታ፣ "ወዴት ነው የሚያሳየው?" አለች።

"ወደ በሩ ነዋ። ለእንጦጦ ጀርባውን ሰጥቶ።"

አቶ ያሲን ድንገት ቀጥ ብለው ተቀመጡ። "እንጦጦ በሰሜን በኩል ነው" አሉ።

"ኖርደን?" ራውዳ በጀርመንኛ ጠይቃ ከወንበሯ ተነሣች። "ጥላው ወደ ደቡብ ከሆነ ፀሐይዋ በሰሜን ናት ማለት ነው! እኛ ፀሐይ በሰሜን በኩል በጭራሽ አትታይም ተብለን ነው የተማርነው። የትናንቱ ጥላችንም ወደ ሰሜን ነበር።"

"ታዲያ ምን ይገርማል?" አሉ ኡምሰልማ። "በጥር ደግሞ የአጥሩ ጥላ ቀትር ላይ በወዲያኛው ጎን ነው የሚወድቀው። በርበሬዬን በየወቅቱ ከአጥሩ ወዲህና ወዲያ እያዞርኩ የማሰጣው ለምን ይመስልሻል?"

ራውዳ የጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ጣቷን አቁማ፣ ሌላውን ጣቷን መጀመሪያ በአንደኛው ጎን፣ ቀጥሎ በሌላኛው ጎን አስተኛች። ደጋገመችው።

"ከዚህ ጎን ወደዚያ ጎን ከሄደ" አለች በቀስታ፣ "በመሐል አንድ ቀን... ጎን የለውም።"

"ሚያዝያ ነበር!" አሉ አቶ ያሲን። "አንድ ቀን እንጨቱ ሥር ምንም ጥላ አጣሁ። መርዘሙን በምን ልወቅ ብዬ ማልቀስ ዳር ዳር ሲለኝ ሼሁ ሳቁብኝ። ያን አንድ ቀን ነው ለዓመቱ ሁሉ ያደረግሁት።"

"ምስኪን" አሉ ኡምሰልማ ከስልኩ ውስጥ። "ይኸው ስንት ዘመን ተሸክሞት ኖረ።"

"ሰኞ እንዳየሽው ተናገሪ" አሏት አቶ ያሲን። "አያቴ ተሳስተዋል በዪ።"

ሰኞ ትምህርት ሲያልቅ በር ላይ ጠበቋት።

"ምን አልሽ?"

"ተሳስተዋል አልኩ።"

"ደግ አደረግሽ።"

"ግን በዓመት ሁለት ቀን ልክ ናቸው አልኩ።"

"ሁለት? እኔ ያየሁት አንድ ነው።"

"ጥላው ሲሄድ አንዴ፣ ሲመለስ አንዴ። ፊን የትኞቹ ቀናት ናቸው ብሎ ጠየቀኝ። አላውቅም አልኩት። መምህርታችን፣ 'እንግዲያው ሁላችሁም ፈልጉት' አሉን።"

አቶ ያሲን ስልካቸውን ከኪሳቸው አወጡ። "ለእትዬ ልደውልላት፤ ጥላውን በየዕለቱ ትጠብቅልን።"

ራውዳ እጃቸውን ያዘች። "ቆዩ፣ አይደውሉ። አስቀድመን እኛው አስበን እናግኘው፤ እሳቸው ልክ መሆናችንን ያዩልናል።"