ጨዋ ሰው የማይቀማው ቦርሳ

ሲስተር ዘንቢሉን ቦርሳ ሻጩ ፊት ዱብ አደረጉት።

"ቀይርልኝ።"

ሻጩ አገላብጦ አየው። ታቹ አልተቀደደም፣ ጆሮዎቹ አልላሉም፣ ቀለሙም ገና አልደበዘዘም።

"እማማ፣ ምኑ ተበላሸና?"

"ምንም አልተበላሸም። ሰው እየቀማኝ ተቸገርኩ።"

"ሌባ?"

"ሌባ ቢሆንማ በስንት ጣዕሙ! ጮኬ አስይዘው ነበር። እኔን የሚቀማኝ ጨዋ ሰው ነው።"

ሻጩ ሳቁን ለመደበቅ ጎንበስ ብሎ ከቦርሳዎቹ አጠገብ የደረደራቸውን ጓጉንቸሮች አስተካከለ። ሲስተር ግን አልሳቁም፤ ለቀልድ አልነበረም የመጡት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሲስተር ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የሰፈሩ ጤና ጣቢያ ነርስ ነበሩ። የሰፈሩ ግማሽ ሰው በእሳቸው እጅ መርፌ ተወግቶ አልቅሷል። ባለፈው ክረምት ደጃፋቸው ላይ አንሸራቷቸው የቀኝ እጃቸው አንጓ ተሰበረ። ጄሶው ከተፈታ ቆይቷል፣ እጁም ድኗል፤ ያልዳነችው ልጃቸው ናት። "እማ፣ ከእንግዲህ ብቻሽን አትኖሪም። ቤቱ ይከራይ፣ አንቺ እኔ ጋ ትገቢያለሽ" ብላ ሙጭጭ አለች። አልሰማ ሲሏት ጊዜ ደግሞ "አስቤዛሽን እንኳ ተሸክመሽ ቤትሽ መግባት አትችይም" አለቻቸው። ሲስተርን ያንገበገበቻቸው ይቺ ቃል ናት። ስንቱን በሽተኛ ከአልጋ አንስቶ አልጋ ላይ ያስተኛ ክንድ እንዲህ ይባላል? "እችላለሁ" አሉ። "ካልቻልኩ ቤቱን አከራይው።"

ባለፈው ቅዳሜ ሞከሩ። ፌስታል ከተከለከለ ወዲህ ባዶ እጁን ገበያ የሚሄድ ስለሌለ ይሄንኑ ዘንቢል ገዙ። ሽንኩርቱን፣ ድንቹን፣ ዘይቱን ሞልተው ገና ከገበያው በር ሳይወጡ የሰፈሩ አናጢ አያቸው። "ምን በወጣዎት! እኔ ቆሜ እርስዎ ሊሸከሙ?" ብሎ አንዱን ጆሮ ያዘ። ሲስተር በሌላኛው ጆሮ ሙጥኝ አሉ። ትንሽ እንደሄዱ የልብስ ሰፊው ሚስት ብቅ አለችና "በሞቴ!" ብላ እሱንም ወሰደችባቸው። እምቢ ቢሉ ሰው ማስቀየም ነው፤ ክርክሩም ከሸክሙ ይብሳል። እናም ሲስተር እጃቸውን አጣጥፈው፣ በሁለቱ መካከል እንደ ሙሽራ ታጅበው ቤታቸው ገቡ። ልጃቸው በር ላይ ቆማ ትጠብቅ ነበር። "አየሽ?" አለች፤ ሌላ ነገር መጨመር አላስፈለጋትም።

የዛሬዋን ቅዳሜ ለሁለተኛ ሙከራ ያገኟት ልጃቸውን ለምነው ነው። ከሰዓት በኋላ ደላላው ቤቱን የሚያዩ ሰዎች ይዞ ይመጣል ተብሏል።

"የዚህ ዘንቢል ጥፋቱ ሁለት ጆሮ ያለው መሆኑ ነው" አሉ ሲስተር። "አንዱን እኔ ስይዝ ሌላኛው ጆሮ ሰው ይጣራል። ሌላ አሳየኝ።"

ሻጩ ጎማ ያለውን አወጣ። "ይሄን መጎተት ብቻ ነው። እጅ አያደክምም።"

ሲስተር ለክብደት እንዲሆን ጓጉንቸሮቹን እያነሱ ጨመሩበትና ድንጋያማው መንገድ ላይ ይዘውት ወረዱ። ቦርሳው ሲንገጫገጭ ቆየና ቦዩ ዳር ሲደርስ በጎኑ ተኛ። ከመንገዱ ማዶ አንድ የማያውቁት ሰው "እኔን! እኔን!" እያለ ሮጦ መጥቶ አነሳላቸው።

"ይሄ ጭራሽ ሰው ይሰበስባል" ብለው መለሱት።

ቀጥሎ የመጣው ረጅም ማንገቻ ያለው የጨርቅ ቦርሳ ነበር። ሲስተር በግራ ትከሻቸው አነገቱትና ሻጩን "በል አሁን ጨዋ ሁን" አሉት።

"እንዴት ነው የምሆነው?"

"መንገድ ላይ አገኘኸኝ እንበል። 'ሲስተር፣ ልያዝልዎ' በለኝ።"

ሻጩ ግራ ገባው። ቢሆንም ከበርጩማው ተነሳና "ሲስተር! እንደምን ዋሉ! ኧረ ልያዝልዎ!" ብሎ ማንገቻውን ላጥ ሲያደርገው ቦርሳው እጁ ላይ ቀረ።

"ወይ ጉድ" አለ፤ ራሱም ደንግጦ። "እንዲህ ቀላል ነው እንዴ?"

"ቀላል ነው እንጂ። ሌላ!"

"ከዚህ ወዲያ ያለኝ የሚታዘል ነው" አለ ሻጩ እያመነታ። "እሱ ግን የተማሪ ነው።"

ሰማያዊ ነው፤ ኪሱ ላይ ፊኛ የያዘ ድብ ተስሎበታል። ሲስተር ድቡን አዩት።

"ሌላ ቀለም የለህም?"

"ሮዝ አለ።"

"ሰማያዊው ይሁን።"

ጓጉንቸሮቹን ገልብጠውበት በሁለቱም ትከሻቸው አዘሉት። ክብደቱ ከእጃቸው አንጓ ወጥቶ ጀርባቸው ላይ ተደላደለ። ሁለቱንም እጃቸውን ዘርግተው ባዶነታቸውን አዩና ደስ አላቸው። "በል ጨዋ ሁን።"

ሻጩ አሁን ለምዶታል። "ሲስተር! እንደምን ዋሉ!" እያለ በፊት ለፊት መጣ፤ የሚይዘው ግን አጣ። በኋላቸው ዞረ፣ እጁን ሰደደ፣ እዚያው ቆመ።

"ምነው?"

"እማማ፣ ከኋላ ከጎተትኩማ እኔ ሌባ መሰልኩ።"

ሲስተር ከት ብለው ሳቁ። "በቃ እሱ ነው። ጓጉንቸሮችህን ውሰድ።"

ድንቹን ከታች፣ ቲማቲሙን ከላይ አድርገው፣ በእልህ ደግሞ ትልቁን ዘይት ገዝተው ተነሱ። አናጢው እንደ ልማዱ ገበያው በር ላይ ጠበቃቸው።

"ሲስተር፣ ያምጡት!"

"ከየት ላምጣልህ? አዝዬዋለሁ እኮ።"

"ያውርዱታ! እኔ ቆሜ?"

"እሱን ሳወርድና ስፈታ ቤቴ እደርሳለሁ።"

አናጢው በቀኝም በግራም ዞራቸው። እጁ መያዣ አጥቶ መጨረሻ ላይ ኪሱ ገባ። "ታዲያ ልሸኝዎ?"

"ሸኘኝ። ወሬ ማገዝ ይቻላል።"

ስለ ሚስቱ የጥርስ ሕመም እየነገራቸው እስከ መታጠፊያው ሸኛቸው። ዳገቱ ላይ ግን ብቻቸውን ነበሩ። እውነቱን ለመናገር ከበዳቸው፤ ትከሻቸው ተቃጠለ፣ ትንፋሻቸው አጠረ፣ ትልቁን ዘይት የገዙበትን ሰዓት ረገሙ። አንድ አጥር ተደግፈው ቆሙ። ማንም አልነበረም። ልያዝልዎ የሚል ሰው ቢኖር ኖሮ ይሄኔ እሺ ሳይሉ አይቀሩም ነበር። ትንፋሻቸው ሲመለስ ማንገቻዎቹን አጥብቀው ወጡ።

ልጃቸው ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ነበር። ስታያቸው ተነሳች።

"እማ! ድብ አዝለሽ ነው የመጣሽው?"

"ብቻዬን ነው ተሸክሜ የመጣሁት። ካላመንሽ አናጢውን ጠይቂ።"

"አምኛለሁ" አለችና ሳቀች። ወዲያው ደግሞ ዓይኗ እንባ ሞላ።

"ምነው? ስለተሸነፍሽ ነው?"

"እማ፣ እኔ እኮ ላንቺ ብዬ አይደለም።" ተመልሳ ተቀመጠች። "ያቃተኝ እኔ ነኝ። ከሥራ ስወጣ ሁለቱ ልጆቼን የማገኛቸው የሰው ደጅ ላይ ቁጭ ብለው ነው። አንቺ እኔ ቤት ብትኖሪልኝ ብዬ ነው። ያንን መናገር አሳፈረኝና እጅሽን ሰበብ አደረግሁት።"

ሲስተር መጀመሪያ ተናደዱ። ሳምንቱን ሙሉ አንጓቸውን በለብ ባለ ውኃ ሲያሹ የሰነበቱት ለዚህ ነው? ከዚያ ግን ነገሩ ገባቸው። የገዛ ልጃቸው እርዳታ ለመለመን አፍራ፣ ረጂ መስላ ቀረበቻቸው። ቦርሳውን አወረዱና አጠገቧ ተቀመጡ።

"ትምህርት ቤታቸው ለማን ቤት ይቀርባል? ላንቺ ነው ለኔ?"

"ላንቺ።"

"ታዲያ እኔን ከነጓዜ ማጋዝ ምን ያደርግልሻል? ልጆቹ ወደዚህ ይምጡ። ከሰኞ ጀምሮ። አበላቸዋለሁ፣ የቤት ሥራቸውን አሠራቸዋለሁ፣ አንቺ ስትወጪ ትወስጃቸዋለሽ።"

"ይከብድሻል እማ።"

"የሚከብደኝን እኔ አውቃለሁ።"

የልጃቸው ስልክ ጮኸ። ደላላው ነበር። ስልኩን ሳታነሳው ስታየው ሲስተር እጃቸውን ዘረጉ፤ ሰጠቻቸው።

"ሃሎ፣ ሰዎቹን ይዤ መንገድ ላይ ነኝ" አለ ደላላው። "ቤቱ ክፍት ነው አይደል?"

"ቤቱ አይከራይም። ሰው አለበት።"

"እንዴ! ባዶ ይሆናል ተብዬ አልነበር እንዴ? ስንት ሰው ነው ያለበት?"

ሲስተር በእጅጌዋ ዓይኗን የምትጠርገውን ልጃቸውን አዩ።

"ከሰኞ ጀምሮ ሦስት" አሉና ስልኩን ዘጉት።