አለሽ ወይ

የምስል ባለሙያው አንጀቱ እርር ብሏል። ማሽኑ ውስጥ የተኛችው ልጅ በተንቀሳቀሰች ቁጥር የአንጎሏ ምስል ይደበዝዛል፤ በደበዘዘ ምስል ደግሞ የሚጥላት በሽታ ከየት እንደሚነሣ ቀዶ ሐኪሙ አያይም። ለመናት፣ ተቆጣት፤ ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ሆነበት። እሺ ትልና ወዲያው እግሯን ታወራጫለች።

በመስታወቱ አጮልቆ ሲያይ ጥፋቱ የእናትየው ሆኖ አገኘው። ከግርጌ ተቀምጣ በየመሃሉ የልጇን እግር ትነካለች። ማሽኑን አቁሞ ገባ።

«እናቴ፣ ምን እያደረጉ ነው?»

«አለሽ ወይ እያልኳት ነዋ። ተኝታ ሲጥላት ድምፅ የላትም። ስነካት እግሯን ካነቃነቀች አለሁ ማለቷ ነው። ምን ላድርግ ወንድሜ፣ እጄ ለምዶ ነው።»

«እንግዲያው እጅዎን ይሰብስቡልኝ። ሊገድሉኝ ነው እኮ።»

እጇን ጭኗ ሥር ቀበረች፤ ምስሉም ጠራ። የቀረው እግርን የሚያዘው የአንጎል ክፍል ነበር፤ ሐኪሙ የታመመውን ሲቆርጥ እሱን እንዳይነካ ቦታው በምስል መታወቅ አለበት። ጣቷን ስታነቃንቅ ያ ቦታ ማያው ላይ ይበራል።

«አሁን አውራ ጣትሽን አነቃንቂ» አላት በማይክሮፎኑ። ቢለምናት፣ ቢያባብላት፣ ወይ ፍንክች።

«አትንቀሳቀሺ ሲሏት የምትወራጭ፣ ተንቀሳቀሺ ሲሏት የምትደርቅ ልጅ ጣለብኝ» እያለ በሩን በርግዶ ገባ።

«ይበሉ እናቴ፣ አሁን ይጠይቋት። አውራ ጣቷን ብቻ።»

ተመልሶ ማያው ፊት ተቀመጠ። እናትየው የልጇን ጣት በስሱ ነካች። ሊቆረጥ ከታሰበው ቦታ ፈቀቅ ብላ አንዲት ነጥብ በራች፤ ጠፋች። እናት እንደገና ነካች። ነጥቧ አለሁ አለች።